ቡድሃን ሳያመልኩ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፦ ለዲላና ለጌዴኦ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ከባንኮክ የተመለሰ ዘመድ የነሐስ ቅርጽ ይዞልዎት መጥቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የቤት ማስዋቢያ መደብር አይተው፣ ወደውት ገዝተውትም ይሆናል። ቡና ሊገዛ እስከ ይርጋጨፌ የዘለቀ የሩቅ ምሥራቅ እንግዳ ለማስታወሻ ትቶልዎት ሊሆንም ይችላል። ያም ሆነ ይህ ቡድሃ ሳሎንዎ ገብቷል፤ እርስዎ ደግሞ የቡድሃ እምነት ተከታይ አይደሉም። ታዲያ የት ይቀመጥ? እሑድ ከጸሎት መልስ የሚመጡት አማትዎ ምን ይሉ ይሆን? የእምነቱ ተከታይ የሆነ ሰው ቢመጣስ ይከፋው ይሆን?

ለዚህ መልስ ፍለጋ የጌዴኦ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እምነቱን የማይጋራ ጎብኚ በትክል ድንጋዮቹ መካከል ይመላለሳል፤ ለሥርዓት ተጠብቀው በኖሩት ደኖች ጥግ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ሽማግሌዎችን አስፈቅዶ ይገባል፣ የሚያየው ምን እንደሆነም ይጠይቃል። ሌላው ድንጋዩን ተደግፎ ለካሜራ ይገለፍጣል። ሁለቱም አያመልኩም፤ ልዩነታቸው ግን ለማንም ግልጽ ነው። እንግዲህ መለኪያዎ ይኸው ይሁን፦ ባዕድ ሰው በጨልባ ቱቱቲ ድንጋዮች ፊት እንዲያደርግ የሚሹትን፣ እርስዎም በሌላው ሰው ቅዱስ ምስል ፊት ያድርጉ። ከዚህ በታች ያሉት ዘጠኝ ደረጃዎች ይህን መለኪያ ወደ መደርደሪያውና ወደ ግድግዳው ያወርዱታል።

1. የያዙትን ይለዩ

በገበያ ላይ «ቡድሃ» የሚባለው ሁሉ ቡድሃ አይደለም። ቦርጩን ገልጦ፣ ከረጢት ይዞ የሚስቀው ወፍራም ሰው በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ቻይናዊ መነኩሴ ነው፤ ጃፓኖች ሆቴይ ይሉታል። የደስታና የጥጋብ ምልክት ስለሆነ በሩቅ ምሥራቅ በሱቅና በምግብ ቤት ውስጥ ማየት የተለመደ ነው። በእሱ ጉዳይ ብዙ አይጨነቁ።

ቡድሃ የሚባለው ሲዳርታ ጎታማ ነው። በዛሬዋ ኔፓል፣ ሉምቢኒ በሚባል ስፍራ እንደተወለደ ይታመናል። ምስሉ ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ ነው፤ ጆሮዎቹ ይረዝማሉ፣ ፀጉሩ በትንንሹ የተጠቀለለ ነው፣ አናቱ ላይም ጉብታ አለው። ምን ላይ እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ እጁን ይመልከቱ። ቀኝ እጁ ከጉልበቱ አልፎ መሬት ከነካ፣ ወደ እውነት ነቃ በሚባልበት ሰዓት ምድርን ምስክር ሲጠራ ነው። ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ ከተደራረቡ በተመስጦ ላይ ነው። ቀኝ እጁን አንስቶ መዳፉን ወደ እርስዎ ካዞረ ደግሞ «አትፍሩ» ማለቱ ነው።

ነጭ የለበሰች፣ የውሃ ዕቃ የያዘች ሴት ከሆነች ቻይናዎች ጓንዪን፣ ጃፓኖች ካንኖን የሚሏት የርኅራኄ ምስል ናት። ጃፓን ውስጥ ክርስትና በተከለከለበት ዘመን ተደብቀው የሚኖሩ ክርስቲያኖች እሷን በመሰለ ቅርጽ ፊት ለድንግል ማርያም ይጸልዩ ነበር። ስለዚህ ኦርቶዶክስ እንግዳዎ «እመቤታችን ናት እንዴ?» ብትል አይገረሙ። በጨርቅ ላይ ተስሎ በሐር የተከፈፈ፣ የሚጠቀለል ሥዕል ከሆነ ግን ታንግካ ይባላል፤ የቲቤትና የኔፓል ሥራ ነው።

2. ከየት እንደመጣ ያጣሩ

ብዙ መደብር ውስጥ የሚገኘው የቡድሃ ራስ ብቻ ነው፤ ከአንገቱ በታች የለም። ይህ ቅርጽ እንዲህ የተለመደው ቀራጮች ስለመረጡት ብቻ አይደለም። በቻይና በሎንግመን ዋሻዎች፣ በካምቦዲያ ደግሞ በአንግኮር ቤተ መቅደሶች ዘራፊዎች የምስሎችን ራስ እየቆረጡ ለሰብሳቢዎች ሸጠዋል። ከፋብሪካ የወጣው አዲሱ ቅርጽ የተሰረቀ ባይሆንም የተቆረጠ ራስ ማየት ብዙ የእምነቱን ተከታዮች ያማቸዋል። ገና ካልገዙ ሙሉ አካል ያለውን ይምረጡ።

ዕቃው አሮጌ ከመሰለ ጥንቃቄው ይጨምራል። ታይላንድ የቡድሃ ምስል ከሀገር ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ትጠይቃለች። ህንድ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 100 ዓመት የሞላው ቅርጽና ሥዕል እንዳይወጣ ከልክላለች። ከኔፓል ታንግካ የሚያመጣ ሰው ጥንታዊ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከአርኪዮሎጂ መምሪያው ማግኘት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ለሚያመጣልዎት ሰው አስቀድመው ይንገሩ፤ አዲስ ሥራ ይግዛ፣ ደረሰኙንም ይያዝ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት ይከለክላል። ከቱቱ ፈላ የተሰበረ ትክል ድንጋይ አንስቶ የሳሎን ጌጥ ያደረገ ሰው ቢያዩ ዝም አይሉም። ነገሥታቱ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው ኰርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ሲወሰድ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ ዕድሜ ልኩን እሱ ዘንድ ኖረ፤ በ1917 ለንደን ላይ ለጨረታ ቀረበ፤ እስከ ዛሬም ወደ አገሩ አልተመለሰም። የተዘረፈ ቅዱስ ምስል በሰው ቤት ሲውል የሚያመውን እናውቀዋለንና፣ ምንጩ ያጠራጠረዎትን ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

3. ቤተሰቡን አስቀድመው ያማክሩ

ይህ ደረጃ ዲላ ላይ ከሁሉም ይከብዳል። በጌዴኦ ዞን ብዙው ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው፤ ከቃለ ሕይወትም ከመካነ ኢየሱስም፣ ከሌሎቹም። በቤታቸው የቅዱሳን ሥዕል እንኳ የማይሰቅሉ ሰዎች የቡድሃን ምስል ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ዘፀአት ምዕራፍ 20ን ነው። ሙስሊም ጎረቤትዎም ስለ ተቀረጸ ምስል የራሱ ጥንቃቄ አለው። «ጌጥ ነው እኮ፣ ምን አለበት!» ብሎ መከራከር ማንንም አያሳምንም።

የሚሻለው ነገሩን በግልጽ አቅርቦ መነጋገር ነው። ለባለቤትዎ፣ አብረዋችሁ ለሚኖሩ ወላጆች፣ ቤቱን ለምታጸዳው ልጅ ጭምር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደወደዱትና የት ሊያኖሩት እንዳሰቡ ይንገሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ቤተሰብ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ጥሩ የመነጋገሪያ መነሻ ነው። ጳውሎስ እዚያ ላይ ጣዖት ምንም እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ፣ የሚያውቀው ሰው ያላወቀውን ወንድሙን ሕሊና እንዳይጎዳ ያስጠነቅቃል። ሁለቱንም ሐሳብ አብረው ይያዙ። አንድ የቤተሰብ አባል ከልቡ ካልተቀበለው፣ ምስሉ ከጋራው ሳሎን ወጥቶ ወደ ሥራ ክፍልዎ ወይም ወደ ቢሮዎ ይሂድ። ያም ካልሆነ በፎቶግራፍ መጽሐፍ ይርኩ።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ፦ እንግዳ ሲመጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቀው፣ ሲሄድ መልሰው አያውጡት። ሰው አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። በግልጽ የተቀመጠ ዕቃ ጥያቄ ያስነሳል፤ የተደበቀ ዕቃ ደግሞ ሐሜት።

4. ቦታውን ይምረጡ

በታይላንድ፣ በስሪላንካና በምያንማር ከሰውነት ሁሉ የሚከበረው ራስ፣ የሚናቀው እግር ነው። የአቀማመጡ ደንብ በሙሉ ከዚህ ይነሳል።

• ወለል ላይ አያስቀምጡ። መደርደሪያው ተቀምጦ ከሚጫወት ሰው ራስ ከፍ ይበል፤ ከወለሉ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ከሆነ ይበቃል።
• መታጠቢያ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ጫማ የሚወለቅበት በር አጠገብና ደረጃ ሥር አይሆንም።
• መኝታ ቤት ባይገባ ይመረጣል። ከገባም እግርዎ ወደሚዘረጋበት በኩል አይሁን።
• ወደ ግቢ መግቢያ፣ አጥር ላይና አትክልት መሐል አያውጡት። ዶሮና ፍየል ከሚውልበት ግቢ ቤት ውስጥ ይሻለዋል።
• ቴሌቪዥኑ ላይና ማቀዝቀዣው አናት ላይ አይከምሩት። አንድ ጥግ ለብቻው ይስጡት።

ለአቅጣጫው ብዙ አይጨነቁ። ቡድሃ በነቃባት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተቀምጦ እንደነበር ስለሚነገር አንዳንዶች ምሥራቅን ይመርጣሉ፤ አምላኪ ላልሆነ ሰው ግን ከአቅጣጫው ይልቅ ከፍታውና ንጽሕናው ይበልጣል።

5. አጠገቡ የሚኖረውን ይወስኑ

መደርደሪያ ላይ የተሰለፈ ነገር እርስ በርሱ ይነጋገራል። መስቀል፣ ቁርዓን፣ የቡድሃ ምስልና የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ቅርጽ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩ ባለቤቱ ሁሉንም ያከበረ ይመስለው ይሆናል፤ የእያንዳንዱ እምነት ሰው ግን የራሱ ከሸቀጥ እንደተቆጠረ ያስባል። የራስዎን እምነት ምልክት በራሱ ግድግዳ ላይ ያኑሩ። ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተሠራ የትክል ድንጋይ ቅርጽ ካለዎትም የራሱን ቦታ ይስጡት፤ እነ ቱቱ ፈላ የመቃብር ስፍራዎች መሆናቸውን አይርሱ።

ከቡድሃው አጠገብ የአበባ ማስቀመጫ ወይም መጻሕፍት ቢኖሩ ያምራል። የቢራና የአረቄ ጠርሙስ ግን ይራቅ፤ ከአስካሪ መጠጥ መታቀብ የእምነቱ ተከታዮች ከሚጠብቋቸው አምስቱ ሥርዓቶች አንዱ ነው። ኮፍያ አያጥልቁበት፣ ቁልፍ አይስቀሉበት፣ የኳስ ቡድን ሻርፕ አይጠምጥሙለት። በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ተቀጥቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ስሪላንካ ክንዷ ላይ ቡድሃን የተነቀሰች ጎብኚ ከሀገር አስወጥታለች። በ2015 ምያንማር ውስጥ ቡድሃን ማዳመጫ አድርጎ የሚያሳይ የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ ያወጡ ሰዎች ታስረዋል። ዲላ ላይ የሚከስዎት የለም፤ የሚያዝን እንግዳ ግን ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ረከቦቱ ከምስሉ ሥር ከተዘረጋ፣ ቄጤማው ከተጎዘጎዘና እጣኑ ከፊቱ ከጨሰ፣ ለሚያይ ሁሉ መሥዋዕት የቀረበለት ይመስላል። የእምነቱ ተከታዮችም በቡድሃ ፊት የሚያቀርቡት እጣን፣ አበባና መብራት ነውና ጎረቤትዎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የቡናውን ቦታ ከምስሉ ተቃራኒ ባለው የሳሎን ጥግ ያድርጉት። መብራት ሲጠፋም ሻማውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያብሩ። ሳንቲምና ፍራፍሬም ፊቱ አያስቀምጡ።

6. ታንግካና ሥዕል ሲሰቅሉ

የዲላ አየር ለጨርቅ ሥዕል አይመችም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመላለስ እርጥበቱ ሻጋታ ይጠራል። ስለዚህ ታንግካ ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ በክፍሎች መካከል ያለውን የውስጥ ግድግዳ ይምረጡ። ቆርቆሮው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በክረምቱ አስቀድመው ይለዩ። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዛል፤ የከሰልና የእጣን ጭስም ጥላሸት ያለብሰዋል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩ ልስኑን ብቻ ከያዘ አይቆይም፤ እንጨቱን አንኳኩተው ያግኙና እሱ ላይ ይምቱ። ብሎኬት ከሆነ በድሪል በስተው፣ የፕላስቲክ ማቀፊያ ከከተቱ በኋላ ብሎን ያስገቡ። ታንግካውን በላይኛው ዘንግ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ይስቀሉት፤ ጨርቁን ራሱን በምስማር አይብሱት። ከጀርባው ቀጭን የእንጨት ቁራጭ አድርገው ከግድግዳው አንድ ሁለት ጣት ቢያርቁት አየር ያገኛል። በመስታወት ከከፈፉትም መስታወቱ ሥዕሉን አይንካ።

ብዙ ታንግካ ፊቱ ላይ ስስ የሐር መጋረጃ አለው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም በመጋረጃ ስለሚሸፈኑ ልማዱ አይጠፋዎትም። ለውበት ብለው ቆርጠው አይጣሉት፤ ወደ ላይ ሰብስበው ይሰሩት፣ ቤቱ ሲጸዳና ጭስ ሲበዛ ይልቀቁት።

7. ያጽዱ፣ ግን አይፈትጉ

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ። ነሐሱን በሎሚና በጨው ማሸት ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም እዚህ ላይ አይሞክሩት፤ ወርቅ የተቀባ ከሆነ ቅቡ ይለቃል፣ በዕድሜ የመጣው ጥቁረትም የዕቃው ውበት አካል ነው። የእንጨት ቅርጽ ከሆነ ግድግዳውን አስነክተው አያስቀምጡ፤ በየጊዜው አንስተው ምስጥ አለመግባቱን ይመልከቱ። ቤት የምታጸዳዋ ልጅም ከወገቡ ይዛ በሁለት እጅ እንድታነሳው ይንገሯት፤ በራሱ ወይም በተዘረጋ እጁ ከተያዘ ይሰበራል።

የቲቤትና የኔፓል ቅርጾች ግርጌ ብዙ ጊዜ በመዳብ ሳህን ይታሸጋል። ውስጡ የተጠቀለለ የጸሎት ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ምን እንዳለ ለማየት ብለው አይክፈቱት። ለአማኙ ምስሉን ቅዱስ የሚያደርገው እሱ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ መቅደስ ያለውን ታቦት ማንም ምእመን ገልጦ እንደማያይ ያስቡ።

8. እንግዳ ሲጠይቅ

ሦስት ዓይነት እንግዳ ይመጣል። የመጀመሪያው የሚሰጋው ነው። አማትዎ «ልጄ፣ ይኼ ጣዖት ነው እንዴ?» ቢሉ ረጅም ትምህርት አይስጡ። «አይደለም እማዬ፣ እኛ አንጸልይበትም። የሌላ አገር ሰዎች የሚያከብሩት የጥበብ ሥራ ነው፣ ወንድሜ ከባንኮክ አመጣልኝ። ዓይንዎን ካስቸገረዎት ወደ ሥራ ክፍሌ አዛውረዋለሁ» ማለት ይበቃል። ካሉ በኋላም ቃልዎን ይጠብቁ። ስሙንም «ቡድሃ» ብለው አጥርተው ይናገሩ፤ «ቡዳ» ብሎ የሚሰማ ጎረቤት አይጠፋም።

ሁለተኛው የማወቅ ፍላጎት ያለው ነው፤ ለእሱ የሚነግሩት ብዙ ወግ አለ። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነው ልዑል ታሪክ ከአገር አገር፣ ከእምነት እምነት ሲሸጋገር የክርስቲያን ገድል ሆኖ፣ በ1553 እ.ኤ.አ. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል፤ በረላም እና ይዋስፍ ይባላል። ሌላም አለ። አርኪዮሎጂስቱ አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጌዴኦውን የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን መልሰውታል፤ ይህም ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ቡድሃም ቀድሞ በዙፋን፣ በዛፍና በእግር ዱካ ብቻ ይወከል ነበር፤ በሰው መልክ መቀረጽ የተጀመረው በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በጋንዳራና በማቱራ ነው። የጌዴኦ ተራሮች ላይ ድንጋይ ሲተከል፣ በዚያ ማዶ የቡድሃ ፊት ከድንጋይ እየወጣ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው እንግዳ ራሱ አማኝ የሆነው ነው፦ ቡና ገዢ፣ መምህር ወይም የመንገድ ሥራ ባለሙያ። እጆቹን ገጥሞ ዝቅ ቢል ይተዉት፣ አይሳቁ፣ አይኮርጁትም። እምነቱን የሚጋሩ መስለው አይታዩ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያኖርኩት ስለማከብረው ነው፤ አቀማመጡ ላይ የተሳሳትኩት ካለ ንገረኝ» ቢሉት ደስ ይለዋል። «ቦታውን ለውጥ» ካለዎት ይለውጡ።

9. ሲለዩት

አንድ ቀን ይሰበራል ወይም ይሰለችዎታል። ያን ጊዜ ቆሻሻ ላይ አይጣሉት፣ ነሐሱን ለሚያቀልጥ አይስጡት፣ ለቁራሌውም ከአሮጌ ብረት ጋር አይሽጡት። ደህና ከሆነ ለሚያከብረው ሰው ይስጡ፤ የእምነቱን ተከታይ ካወቁ እሱ ይቅደም። ከተሰበረ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ይስጡት፤ እዚያ ያረጀና የተሰበረ ምስል ወደ ቤተ መቅደስ መውሰድ የተለመደ ነው። የሚወስድ ካላገኙ በግቢዎ ውስጥ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ጥግ ይቅበሩት። የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ በሆነው ሶንጎ አጠገብ ወይም በተጠበቀ ደን ውስጥ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ግን አይተዉት፤ ያ ቦታ ባለቤትና ሥርዓት አለው።

ለሌላ ሰው ከሰጡትም ብቻውን አይስጡት። ማን እንደሆነ፣ እጁ ምን እንደሚል፣ ከየት እንደተገዛና የት መቀመጥ እንደሌለበት በአንዲት ወረቀት ጽፈው፣ ደረሰኙንም ጨምረው አብረው ያስረክቡ። ተቀባዩ ያንን አንብቦ «ይኼ ሁሉ ጣጣ ለጌጥ?» ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።